የባሕር ዛፍ ወለል

አያ እድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት በተቀበሩ ማግስት ነው። ጎንደር ፒያሳ ካለችው የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቄ ተቀምጬ ሳለ፣ ከጎኔ ምስማርና ማጠፊያ የሚሸጠው ጎረቤቴ እስክሪብቶ ሊወስድ ገባና እንደ ዋዛ፣ "የወለቃ መንገዱ አናጢ እኮ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው" አለኝ።

ቀበርናቸው! "ምነው አንተ! ስልክ የለህም? አፍ የለህም?" ብዬ ጮህኩበት። ምን ያድርግ። በእስላም ወግ ሬሳ አያድርም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው ከቀትር በኋላ አፈር ይለብሳል። ደግሞስ ለእኔ መንገር እንዳለበት በምን ያውቃል? ዘመዳቸው አይደለሁ፣ የሰፈራቸው ሰው አይደለሁ። ምስኪኑ እስክሪብቶውን ረስቶ ወጣ። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ከደብተሮቹ መሐል ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ለአናጢ ነው እንዲህ የምትሆኚው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ለአናጢ ነው። መጀመሪያ ይስማኝና ከዚያ ይፍረድ።

አያ እድሪስ የአዲስ ዓለም፣ የእስላሙ ሰፈር ልጅ ናቸው። ቤተሰቡ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ ወንድሞቻቸው ሁሉ ጨርቅና ቅመም ነግደው የከበሩ ሰዎች ናቸው። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው እንጨት ወደዱና ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣውላ ሲልጉ ኖሩ። "ቤተሰቡን ያሳፈርኩ እኔ ነኝ፤ እነሱ ሲሸጡ እኔ ስልግ መሸብኝ" እያሉ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። የሰው ቤት ሲገቡ፣ ሲሚንቶው ገና ያልደረቀ ጅምር ቤት እንኳ ቢሆን፣ ጫማቸውን ከደጅ ያወልቃሉ። አይ አያ፣ ይሄ እኮ ገና አላለቀም ሲባሉ፣ "ቤት ነው ካላችሁ ቤት ነው" ይላሉ።

የተዋወቅነው የሱቄን መደርደሪያ ሲሠሩልኝ ነው። መደርደሪያው እስኪያልቅ ድረስ ግቢያቸው ስመላለስ አንድ ነገራቸውን ለመድኩ። ደንበኛ መጥቶ፣ "አያ፣ ለወለል ምን ዓይነት እንጨት ይሻላል?" ሲላቸው መልስ አይሰጡም። መላጊያቸውን ያስቀምጡና፣ "ማን ነው የሚረግጠው?" ብለው መልሰው ይጠይቃሉ።

ይህች ጥያቄያቸው ስንቱን አናደደች! አንድ ቀን እኔ እያለሁ፣ አዲስ ቤት ያሠራ አንድ ባለ ክራቫት መጣና ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ዋንዛ ማልበስ እንደሚፈልግ ነገራቸው።

"ማን ነው የሚረግጠው?"

"እንግዳ ነዋ! ሳሎን አይደል እንዴ?"

"እንግዳው ጫማውን ያወልቃል?"

"ኧረ አያ! እንግዳ ጫማህን አውልቅ ይባላል?"

"ታኮ ያላቸው ሴቶችም ይመጡ ይሆናል?"

ሰውየው ሳቀ። "እነሱ ካልመጡማ ምኑን ድግስ ሆነ!"

"እንግዲያው ዋንዛው ይቅርብህ። ዋንዛ መልኩ ሸጋ ነው፣ ጠባዩም ገር ነው፤ ለታኮ ግን ለስላሳ ነው። በአንድ ሰርግ በሳስተውልህ ያድራሉ። ለበር አድርገው፣ ለቁም ሣጥን አድርገው።"

"ዋንዛ የሌለበት ሳሎን ምን ሳሎን ይባላል?" ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። አያ እድሪስ መላጊያቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። "እሱ የፈለገው የሚታይ እንጨት ነው፤ ወለል ደግሞ የሚረገጥ ነው" አሉኝ። ያን ቀን በሰውየው ሳቅኩበት። የእኔም ነገር ከእሱ እንደማይሻል ገና አላወቅኩም ነበር።

እናቴ፣ እመት ብርቄ፣ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ከዳባት ወዲያ ማዶ ካለች የገጠር መንደር ነው። አባቴ ሲሞት ብቻዋን አላስቀምጣትም ብዬ ጎንደር አመጣኋት። ያኔ ቤቴን ገና ሴራሚክ ማልበሴ ነበር። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ። ለመጣ ሰው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ መብራት እያበራሁ አሳይ ነበር፤ እንዴው ምን ልበላችሁ፣ ተኩራርቼበታለሁ። እናቴ በመጣች በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ልትታጠብ ወጥታ፣ እርጥቡ ሴራሚክ ላይ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን እቅጩን ነገረኝ። "አጥንቱ ገጥሟል። ከእንግዲህ መድኃኒቷ መራመድ ነው። በዚህ በሁለት ወር ውስጥ ተነስታ ካልሄደች ግን ሁለተኛ አትነሳም።"

እናቴ አልነሳም አለች። ሕመሙ አልነበረም፣ ፍርሃቱ ነው። እግሯን ከአልጋ አውርዳ ሴራሚኩ ሲነካት፣ እሳት እንደነካው ሰው መልሳ ትሰበስበዋለች። "ይሄ መስታወት ነው ልጄ። በመስታወት ላይ ሰው አይሄድም" ትለኛለች። ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ምንጣፉ አብሯት ተንሸራተተ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ካህን አስመጥቼ አስመከርኳት። ያን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ስታይ ትውላለች። እግሯ በየቀኑ ሲሟሽሽ በዓይኔ አየሁት። ሐኪሙ ከሰጠን ሁለት ወር አንዱ እንዲሁ አለቀ።

ሴራሚኩን በእንጨት አስሸፍነዋለሁ ብዬ ወደ አያ እድሪስ የሮጥኩት ያኔ ነው። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ማን ነው የሚረግጠው?" አሉኝ።

"እናቴ። ከረገጠችው" አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ኮታቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

ከእናቴ ክፍል ደጃፍ ጫማቸውን አወለቁና ወንበር ሳይጠብቁ ከደፉ ላይ ተቀመጡ። ስለ እንጨት አንድም ቃል አላነሱም። ስለ ዳባት ውርጭ፣ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንደያዘ፣ ስንት ላም ታልብ እንደነበር ጠየቋት። እናቴ ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ስታወራ አልሰማኋትም ነበር።

"ቤትዎ ወለሉ ምን ነበር፣ እመት ብርቄ?"

"እበት የተለቀለቀ መሬት ነዋ! የገጠር ቤት ምን ሌላ ይኖረዋል?"

"ያዳልጥ ነበር?"

"ኧረ ወዲያ! እግር ይይዛል እንጂ።"

ምርኩዟን ተቀብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለውን በእርምጃ ቆጠሩ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆም አሉና፣ "ባሕር ዛፍ" አሉኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። "የቱ ባሕር ዛፍ?"

"ስንት ባሕር ዛፍ ታውቂያለሽ? ይሄው የአጥሩ ነዋ።"

"አያ፣ ባሕር ዛፍ እኮ ለአጥር፣ ለሽንት ቤት፣ ለማገዶ ነው! ሰው ምን ይለኛል?"

"የሚረግጠው ሰው ነው ወይስ እናትሽ?"

ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ዋንዛውን ምርኩዙ እየወጋ ያጎደጉደዋል፤ በጎደጎደ ወለል ደግሞ ምርኩዝ ይሰናከላል። ጥድ ሽታው ሸጋ ነው፣ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም ባዶ እግር ይገባል። ወይራማ ንጉሥ ነው፤ ነገር ግን ቀጥ ያለ ጣውላ የሚወጣው ወይራ ዛሬ ከየት ይምጣ? "ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው። ስሙን ያጠፋው የሰው ችኮላ ነው። እርጥቡን ቆርጦ እርጥቡን ይቸነክረዋል፣ ከዚያ ተጣመመ ብሎ ይሰድበዋል። እኔ ዘንድ ሦስት ክረምት ጥላ ውስጥ የከረመ አለ። ቫርኒሽ የሚባል ነገር አላስነካውም፤ የኑግ ዘይት በጨርቅ አጠጣዋለሁ። እናትሽ እንዳለችው እግር ይይዛል።"

እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። ልቤ ግን እሺ አላለም። ሴራሚኬን አልብሼ ልሸፍነው ነው፣ እሱም ይሁን፤ ግን በአጥር እንጨት! እህቶቼ ቢመጡ፣ የባንክ ቤቷ ጎረቤቴ ብትገባ፣ ምን ልል ነው? ሁለት ቀን እንዲህ ስብሰለሰል አንድ እንጨት ነጋዴ አገኘሁ። "ከትልቅ ቤት ፍራሽ የወጣ የጥድ ጣውላ አለኝ። የድሮ ጥድ ነው፤ የሚሰነጠቀውን ተሰንጥቆ ጨርሷል" አለኝ። ትልቅ ቤት ሲል የደጃዝማች፣ የቀኛዝማች ቤት መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቴ በመኳንንት ወለል ላይ ስትንጎራደድ ታየኝ። እንጨቱን ሄጄ ሳየው ደግሞ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ ሽታው የሚያውድ ነው። ጭኜ ግቢዬ አስገባሁና ለአያ እድሪስ ደወልኩላቸው። "እንጨት አግኝቻለሁ፤ እርስዎ ብቻ ያንጥፉልኝ።"

መጡ። አንድ ጣውላ አነሱና ሁለት ጊዜ ላጉት። ሦስተኛውን ጀምረው አልጨረሱም። ፍቅፋቂውን ከመሬት አንስተው አሸተቱት፣ እኔንም አስሸተቱኝ። ጥድ ጥድ ይላል፤ ከጥዱ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፣ የዕጣን ሽታ። ጣውላውን ገለበጡት። ከጀርባው የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል፤ ከሰሙ አጠገብ ደግሞ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቀለም ያለባት የሸራ ቁራጭ ተጣብቃ ቀርታለች። በሸራ ላይ ሥዕል ስሎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ማን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም።

"ነጋዴው ከየት ነው አለሽ?"

"ከትልቅ ቤት።"

"አልዋሸሽም" አሉ። "ትልቅ ቤት ነው። የማን እንደሆነ ነው ያልጠየቅሽው።"

ለነጋዴው ደውዬ ባፋጥጠው አመነ። አንድ የገጠር ደብር አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ሲታደስ የወጣ እንጨት ነበር። በእኛ ወግ ቤተ መቅደስ ያገለገለ እንጨት ሰው ቤት አይገባም፤ ይረገጣል ማለትማ ከአፍ አይወጣም። እናቴ ብታውቅ መሬት ለመሬት መሳብን ትመርጣለች።

ከዚያ የተናገርኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ወደ መስኮቷ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አያ፣ እርስዎ እስላም ነዎት፣ እርስዎን አይነካዎትም። እኔ አልናገር፣ እርስዎም አይናገሩ። ካለን ጊዜ የቀረን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እሷ ብቻ ትነሳልኝ" አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። "አስካል" አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት ልጄ እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "እናትሽ የፈራችው መውደቅን ነው። በማታውቀው ነገር ላይ ካቆምሻትማ፣ የጣልሻት አንቺ ነሽ።"

ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። "ባለቤቱ ዘንድ መልሺው። የእኔው እንጨት ይጠብቅሻል" ያሉኝ ከበሩ ከወጡ በኋላ ነው።

በማግስቱ እንጨቱን መልሼ ጭኜ ደብሩ ድረስ ወሰድኩት። ከነጋዴው ንዝንዝና ከመኪናው ድካም ይልቅ የከበደኝ ቄሱ ፊት መቆሙ ነው። ሳያስጨርሱኝ፣ "ለቤተ ልሔሙ ማገዶ አስቀምጠነው ጠፋ ስንል፣ ጎንደር ወርዶልሻል!" ብለው መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ስመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀጥታ እናቴ ክፍል ገባሁና፣ ከገዛሁበት ቀን አንስቶ እስከ መለስኩበት፣ አያ እድሪስን የለመንኳቸውንም ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። በምርኩዟ ትለኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ምርኩዟን ከአልጋው ጋር አስደግፋ ጠየቀችኝ።

"የከለከሉሽ እኒያ ከደፉ ላይ ተቀምጠው ያጫወቱኝ ሰውዬ ናቸው?"

"አዎ እማ።"

"የእኔ ልጅ፣ ክርስቲያኗ፣ ይነጠፍላት ስትዪ፣ እሳቸው አይሆንም አሉ?"

"አዎ።"

 ነጠላዋን አስተካከለች። "ባሕር ዛፍም ይሁን ምንም ይሁን ያንጥፉ። እሳቸው ያነጠፉትን እረግጣለሁ።"

በነጋታው አያ እድሪስ ሥራ ጀመሩ። ሴራሚኩን አልነኩትም፤ በላዩ ላይ ሞራሌ ደርድረው፣ በሞራሌው ላይ ጣውላውን አነጠፉ። ጣውላዎቹን ሁሉ ከአልጋዋ ወደ በሩ አቅጣጫ አስኬዷቸው። ለምን በወርድ አላደረጉትም ብላቸው፣ "ሰው እንደ በሬ ነው፤ ፈር ካገኘ ይሄዳል" አሉኝ። የኑጉን ዘይት ሦስት ጊዜ አጠጥተው በደረቅ ጨርቅ ወለወሉት። መልኩ መዳብ መሳይ ቡናማ ነው። አላብረቀረቀም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜም ዓይኔ አልወደደውም።

በአራተኛው ቀን በባዶ እግራቸው በሩ ላይ ቆሙ። "እመት ብርቄ፣ ይምጡ" አሏት። እናቴ እግሯን አወረደች። ጣቶቿ ጣውላውን ነኩት፣ ቆዩበት፣ ተረከዟ ተከተለ። ምርኩዟን ተክላ ስትነሳ ልደግፋት ዘለልኩ።

"አትያዢያት!" ያ ትልቁ ድምፃቸው ቤቱን አናወጠው። "ወለሉ ይዟታል።"

እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ሌላ ሄደች። የምርኩዟ ኳኳታ ከአልጋው እየራቀ ወደ በሩ ሲጠጋ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። እሳቸው አጠገብ ስትደርስ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል፣ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነው።

"እንግዲህ በምን ልመለስ?" አለቻቸው።

"በመጡበት ነዋ!" አሏት። ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ሰው በወለሉ አልቀለደብኝም አልልም። አንዷ እህቴ፣ "አጥሩን ነቅለሽ ቤት አስገባሽው እንዴ?" ብላኛለች። እኔም አፌ አይቦዝን፣ "ያንቺ የሳሎን ዋንዛ እናታችንን አላስነሳም" ብያታለሁ። አያ እድሪስ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ጣውላው እርጥበት ጠጥቶ እንዳይነሳ ሊያዩት ይመጡ ነበር። የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ እናቴ መምጫቸውን ረቡዕ ወይም ዓርብ አደረገችው፤ በጾም ቀን ሽሮው የሁላችንም ነው ብላ። ከበሉ በኋላ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው እያንኳኩ ሲያዳምጡ፣ እናቴ ከላያቸው ቆማ፣ "ምን አለዎት?" ትላቸዋለች። "እመት ብርቄ ብዙ ይሄዳሉ ብሎ ከሰሰዎት" ይሏታል። አራት ዓመት እንዲህ ተቃለዱ። እኔ በሁለቱ መሐል ምንም አልነበርኩም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ጎረቤቴ ትናንት ቀበርናቸው ያለኝ።

እንባዬን ጠራርጌ ቤት ሄድኩ። ለእናቴ በምን አፌ እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር፤ ፊቴን እንዳየች ግን ገባት። "ማን ነው?" አለች። ነገርኳት። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ምርኩዟን ያዘች።

"እማ፣ አንቺ ቤት ሁኚ። ሰፈሩ ዳገት ነው፣ ድንጋይ ነው፣ እኔ ደርሼልሽ እመጣለሁ" አልኳት።

"ባጃጅ ጥሪ" አለችኝ።

ባጃጁ አዲስ ዓለም ድረስ ወሰደንና፣ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ቀጭን የድንጋይ መንገድ አላስገባ ብሎት ቆመ። ባለ ባጃጁ ልጅ ሌላ መንገድ ልፈልግ ሲል እናቴ ወርዳ መንገድ ጀምራለች። ክንዷን ስይዛት በዓይኗ ገሠጸችኝ፣ ለቀቅኳት። ያን ዳገት አንድ ድንጋይ ሳትስት ወጣችው። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። የአያ እድሪስ ታላቋ ልጅ፣ የማታውቃቸው አሮጊት እያለከለኩ ሲገቡ አይታ፣ ወንበር ይዛ ሮጠች። "እማማ፣ ደክሞዎታል፣ ኧረ ይቀመጡ" አለቻት።

እናቴ ወንበሩን በእጇ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

"ተይኝ ልጄ። ለአባትሽማ ቁሜ ነው የማለቅሰው።"